እናቴን ማን ያጥባታል

እኔ ቁጡ ነኝ። ጋራዥ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ «ቤንዚን» ነው የሚለኝ፤ ክብሪት ሳይነካኝ እቀጣጠላለሁ ለማለት። ሐቃቸውን ነው። ግን የዚያን ቀን ቤታችን የሆነውን አይቶ የማይናደድ ሰው ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም።

እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ የማስታምማት እኔ ነኝ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እህቴ አግብታ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው የምትኖረው፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ስለሷ ይኸው ይበቃል። እኔ ሚስት የለኝም። ስለዚህ የማጎርሳት፣ የማነሳት፣ የማስተኛት፣ አዎ፣ የማጥባትም እኔ ነኝ። ወንዱ ልጇ።

ለዚህ የራሳችን ዘዴ ነበረን። አንሶላ እጥልባታለሁ፤ እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጄን በአንሶላው ሥር አስገባና በእርጥብ ፎጣ በዳበሳ አጥባታለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የማወራት ስለ መኪና ነው። ትናንት ምን ተጎትቶ መጣ፣ ምኑ ተሰበረ፣ ባለቤቱ ሒሳቡን ሲሰማ እንዴት ጮኸ። እሷም ሳሎን ቁጭ ብላ እንግዳ እንደምታጫውት ሁሉ «ኧረ! ታዲያ ተነሳላችሁ?» ትለኛለች። ስንጨርስ ዓይኗን ትገልጣለች፣ እኔም ውሃውን ልደፋ እወጣለሁ። አንድም ቀን ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም።

የጋራዡ ሥራ ግን አልሆነልኝም። እሷን ሳልጨርስ መውጣት አልችልም፤ ጨርሼ ስወጣ ደግሞ አርፍጃለሁ። አንድ ጠዋት አለቃዬ የያዝኩትን የብሎን መፍቻ ከእጄ ተቀበለኝና ከእንግዲህ አንዴ ካረፈድክ ቱታህን አስቀምጠህ ትሄዳለህ አለኝ። ወገቤም አልቋል። መኪና እንኳ በክሪክ ነው የሚነሳው፤ እናቴን የማነሳት ግን በወገቤ ነው።

እርዳታ አለ ያለችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። አስቀምጣ በዝርዝር አስረዳችኝ። ጠዋት ጠዋት ቤት ድረስ መጥታ የምታጥብና የምታለብስ ረዳት አለች። መታጠቢያ ቤት የሚገጠም የመያዣ ብረትና ተቀምጠው የሚታጠቡበት ወንበር አለ። እማዬ ከእኩዮቿ ጋር የምትውልበት ማዕከል አለ፤ በመኪና ወስደው በመኪና ይመልሷታል። አስታማሚው ትንሽ አረፍ እንዲል ለጥቂት ቀን በሽተኛውን ተቀብለው የሚያቆዩበት ቤትም አለ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ደግሞ መጦሪያ አለ። እማዬ መጦሪያ ከምትገባ እኔ ብገባ ይሻለኛል ብላት ሳቀች። የፈለግሁት የጠዋቷን ረዳት ብቻ ነበር፤ ሌላው ይቅርብኝ። አንዲት ባለሙያ ቤት መጥታ ሁኔታችሁን አይታ ትወስናለች፣ ብቻ እውነቱን ንገሯት ብላ ሸኘችኝ።

እውነቱን! እኛ ቤት!

ባለሙያዋ በምትመጣበት ቀን እህቴ ቀድማት ደረሰች። እኔ አልጠራኋትም፤ እናቴ ናት ደውላ ያስመጣቻት። የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከአልጋው ሥር ፖፖውን አውጥታ ደበቀች፣ ፍራሹ ላይ የማነጥፈውን ላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወረች፣ ቤቱን በሽቶ አጠነች፣ እናቴን የክት ልብሷን አልብሳ ሶፋ ላይ በትራስ ደግፋ አስቀመጠቻት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት የቤት ገመና ለሰው አይታይም አለችኝ። ሴትዮዋ የምትመጣው ይህንኑ ገመና ለማየት ነው እኮ ብላት፣ ድምፅህን ቀንስ፣ ጎረቤት ይሰማል አለችኝ።

ባለሙያዋ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ ሴት ነበረች። እናቴን አጠገቧ ተቀምጣ ጠየቀቻት። ይበላሉ ወይ? በሚገባ። ይራመዳሉ ወይ? ቀስ እያልኩ። እንቅልፍስ? ምስጋና ይግባው። እናቴ ድሮም ሰው ፊት ታማ አታውቅም። ትናንት ከአልጋ ሳወርዳት አብረን ልንወድቅ የነበርነው ሰዎች እኛ አንመስልም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለልጆቿ ያስተማረችው ራሷ ናት። 

«የሚያጥብዎትስ ማነው?»

እናቴ እህቴን አየቻት።

«እኔ ነኛ» አለች እህቴ። «በየጠዋቱ እየመጣሁ። ሴት ልጅ ታዲያ ለመቼ ነው?»

ባለሙያዋ ደስ አላት። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ መታደል ነው፣ የጠዋት ረዳቶች ጥቂት ስለሆኑ ማንም ለሌለው ነው የሚላኩት፣ ለእናንተ ብረቱና ወንበሩ ይበቃል ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ደሜ ፈላ። እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። ምን እንደምትለምነኝ ገብቶኛል፤ ዝም በል ነው። ዝም ካልኩ ሥራዬ ይሄዳል፣ ሥራዬ ከሄደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጦሪያው ነው። ያን ደግሞ ያሰበልኝ ሰው አልነበረም።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «የማጥባት እኔ ነኝ፣ ከላይ እስከ ታች። ሲያመልጣትም የምቀይራት እኔ ነኝ። ይቺ እህቴ ያንን አልጋ ዛሬ ሽቶ ስትረጭበት ነው ያየችው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እህቴ ባለጌ፣ አሳዳጊ የበደለህ አለችኝ፤ አሳዳጊያችን አንድ መሆኗን ረስታው።  እናቴ በደህናው እጇ ሻርፗን ስባ ፊቷን ሸፈነች።

ባለሙያዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ላስቲኩንም ፖፖውንም አወጣሁላት፤ ወገቤንም አሳየኋት። ረዳቷ ተፈቀደችልን። እህቴ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ደስ ይበልህ፣ በቁሟ ቀበርካት አለችኝ። ቀብር ቢሆንማ ቀድመሽ ትመጪ ነበር ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ረዳቷ እስክትመጣ ድረስ ማጠቡን ቀጠልኩ። አንሶላውን ጣልኩ፣ ግድግዳዬን አየሁ፣ ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ማርሹ አልቆ ስለመጣ የጭነት መኪና አወራኋት። አልመለሰችልኝም። በማግስቱም እንደዚያው። አዎ፣ እሷም ላይ ተናድጃለሁ። ማንን ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት?

ረዳቷ ሳቂታ፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። የሞቀውን ውሃ አቀረብኩላት፣ ፎጣውንና አንሶላውን ሰጠኋት፤ የእማዬ የታመመው ክንድ ከፍ ሲል እንደሚያማት ላሳያት የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ ዓይኗን አልጨፈነችም። እኔን እንዳላየች ትታ ረዳቷን አየቻት።

«በሩን ዝጊው ልጄ» አለቻት። «ወንድ አለ ቤቱ ውስጥ።»

ረዳቷ ይቅርታ በሚመስል ፈገግታ ዘጋችው። ወዲያው ከውስጥ ጨዋታ ተጀመረ። ሴትዮዋ ታሞ ስለነበረ ልጇ ስታወራ እናቴ «ኧረ! ታዲያ ዳነልሽ?» ስትል ሰማኋት፤ ድምፅዋ ያው ጠዋት ጠዋት ለኔ የምታሰማው ድምፅ ነው።  በሩን በእርግጫ ልለው እግሬን አንስቼ መለስኩት።

ጋራዥ ሁሉንም ቀድሜ ደረስኩ። አለቃዬ በሩን ሲከፍት ቆሜ አገኘኝና «ቤንዚን! ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች?» ብሎ ሳቀ።  ክሪኩን አመጣሁና ከትናንት የቆመችውን መኪና አንስቼ ሥሯ ገባሁ።