የሎሚ ብድር በቤንዲጎ

ጉዱ የጀመረው በአንድ ከረጢት ሎሚ ነው። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ጡረተኛዋ ነርስ ግሌኒስ የሺዙኖን ሻይ ቤት በር በክርኗ ገፍታ ገባችና ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው።

«ዛፉ አብዷል፣ ሺዙኖዬ! ውሰጂልኝ፤ አለዚያ መሬት ላይ ሊበሰብስ ነው።»

የቤንዲጎ ከተማ ክረምት ሲገባ እንዲህ ናት፤ ጓሮው ውስጥ የሎሚ ዛፍ ያለው ሁሉ ሎሚ ይዞ ጎረቤቱን ያሳድዳል። ሺዙኖ ግን ያደገችው ባሕር ማዶ፣ ካናዛዋ ከተማ ነው። እዚያ ስጦታ የተቀበለ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ብድር በምድር ነው፣ ያውም ቶሎ። ስለዚህ ጎንበስ ብላ አመሰገነችና ጠዋት በእጇ ካድቦለቦለችው፣ ሞቺ ከሚባለው የሩዝ ጣፋጭ አንድ ሣጥን ሞልታ፣ በሚያምር ወረቀት ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አቀረበችላት።

«ለሎሚ?» አለች ግሌኒስ ዐይኗን አፍጥጣ።

በማግስቱ የሎሚ ማርማላታ ይዛ መጣች። እሷም የዋዛ አይደለችማ! ሺዙኖ ደግሞ ከትናንቱ የሚበልጥ ሣጥን ሰጠቻት። ወሬ እግር አለው፤ ሳምንት ሳይሞላ የቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር ዳሪል ጥጃ የሚያክል ዱባ ታቅፎ ደረሰ። ይህ ዳሪል የመጀመሪያ ቀን ሞቺ ሲቀርብለት፣ በዚያ ለስላሳ የሩዝ ሊጥ ውስጥ ያለው ቸኮሌት መስሎት በትልቁ ገምጦ፣ «ኧረ አደንጓሬ ነው! ጣፋጭ ውስጥ አደንጓሬ ከተታችሁ!» እያለ የጮኸ ሰው ነው። አሁን ሣጥኑን በፈገግታ ተቀብሎ ሄደና በነጋታው እንቁላል ይዞ ተመለሰ። ከሱ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ተከተለ። ዱባ የያዘ፣ ጎመን የያዘ፣ ማር የያዘ፣ የሹራብ ካልሲ የያዘ፣ ሁሉም ወደ ሺዙኖ ቤት። ሁሉም ደግሞ ሣጥኑን ታቅፎ ወጣ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ልጇ ናጊሳ ዱባዎቹን እየተራመደች መጣች።

«እማዬ፣ ይሄ ሻይ ቤት ነው ወይስ አትክልት ተራ?»

«አትጩኺ፣ ደንበኛ ይሰማል።»

«የቱ ደንበኛ? ዛሬ አንድ ሞቺ የገዛ ሰው አለ? ሁሉም በነጻ እየበላ ማን ይገዛል! በዚህ ከቀጠልን ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁን እንዘጋለን። ዝም ብለሽ ‹አመሰግናለሁ› በይና ተቀበይ፤ በቃ።»

«ባዶ እጄን? ከዚያ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?»

«በሁለቱም!»

ሺዙኖ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይህ ሱቅ ብቻ ነው፤ እንዳይዘጋባት ፈርታለች። ነገር ግን እጇ አልታዘዝ አላት፤ ሰው አንድ ነገር ባንኮኒው ላይ ባኖረ ቁጥር እጇ ራሱ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል።

ሐሙስ ዕለት ግሌኒስ ትልቅ ካርቶን ይዛ ገባች። ካርቶኑ ይንኮሻኮሻል። ከፈተችው፤ አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን ብቅ አድርጋ ቤቱን ቃኘች።

«እንቁላል ትጥልልሻለች» አለች ግሌኒስ በድል አድራጊ ፊት።

ሺዙኖ መደርደሪያውን አየች። ባዶ ነው። ዱቄትም አልተረፈም። ወዲያ ወዲህ ተቅበጠበጠችና እናቷ የሰጠቻትን፣ ከካናዛዋ በጭኗ ይዛ ያመጣችውን የሻይ ጽዋ አንስታ በወረቀት መጠቅለል ጀመረች።

«ቆይ ቆይ! የራስሽን ጽዋ? ምን ነካሽ?»

«የቀረኝ ይኸው ነው፣ ወይዘሮ ግሌኒስ» አለች ሺዙኖ። በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን ነገር ካፏ አወጣችው። «እባክዎ፣ ከእንግዲህ ምንም አያምጡልኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሱቄ ሊዘጋ ነው።»

ግሌኒስ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«አንቺ ሴትዮ! እኛኮ ልትሄጂ ነው ብለን ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ አገርሽ! ለአንድ ሎሚ እንኳ ውለታ እንዳይኖርብሽ ስትጣደፊ ዳሪል፣ ‹ከሁላችንም ጋር ሂሳቧን እየዘጋች ነው፤ ጓዟን ሸክፋለች ማለት ነው› አለን። አለቀሰ ስልሽ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ! እናም ብድርሽን ከፍለሽ እንዳትጨርሺ ተባብለን ነው በላይ በላዩ የምናመጣው።»

የሺዙኖን አክብሮት ስንብት አድርገው አይተውት ኖሯል። አፈረች፣ ደስ አላት፣ ደግሞም አዘነች፤ ሦስቱም ባንድ ላይ።

ጽዋውን ወደ ቦታው መለሰችና ዶሮዋን ከካርቶኑ አውጥታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ታቀፈች።

«ወስጃታለሁ» አለች። «በምላሹ ምንም አልሰጥዎትም።»

«እሰይ!»

«ነገም አልሰጥም።»

«እሰይ የኔ እመቤት! በይ አሁን ሻይ አፍዪልኝ፣ በገንዘቤ።»

ሻይ ለማፍላት ዶሮዋን ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ሺዙኖ ግን እጇ ሥራ ከፈታ መደርደሪያውን መዳበስ እንደሚጀምር ስለምታውቅ፣ ናጊሳን ጠርታ ሻዩን አስፈላች፤ እሷ ዶሮዋን እንዳቀፈች ግሌኒስ አጠገብ ተቀመጠች።