ደልበርት አዲሱን ስቲል የሞከረ ዕለት

ወንድሜ ደልበርት አዲሱን ስቲል ጊታር ከመኪናዬ ኋላ ሲያወርድ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ማውረዱንስ አወረደው፤ ችግሩ መራመዱ ነበር። ግራ እግሩን መሬት ላይ የሚጥለው የሰው ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ነው። የስኳር በሽታው ከጣቶቹ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አደንዝዞበታል፤ ይህን የምናውቀው ደግሞ እሱ፣ ሐኪሙና እኔ ብቻ ነን። ባለፈው ወር በአንድ እግሩ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጎ ቤቴ ድረስ መጣ። ሌላኛው መንገድ ላይ ወልቆ መቅረቱን የነገርኩት እኔ ነኝ።

እግሩ የደነዘዘ ሰው ሌላውን ጊታር ይጫወት ይሆናል፤ ይህን ግን አይችልም። ስቲል እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ግራ እጅ አንድ ቁራጭ ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ይመታል፣ ግራ እግር ከሥር ያሉትን ሦስት ፔዳሎች ይረግጣል። ክሩን ስቦ ሰው የሚያስለቅሰውን ድምፅ የሚያወጣው እግር ነው። ደልበርት ዕድሜውን ሙሉ በካልሲ ነበር የሚጫወተው፤ በጫማ ፔዳሉ አይሰማኝም ይላል።

አዲሱን ሲያዝዝ እግሩ ገና ደህና ነበር። ሠሪው አንድ ሰው ነው፣ ወረፋው ማለቂያ የለውም፤ ተራው ሳይደርሰው እግሩ ቀድሞ ሄደ። እሱ ግን ጥፋቱ የአሮጌው ፔዳል ክብደት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

«የዚህኛው ፔዳል እንደ ቅቤ ነው» አለኝ ስንመጣ፣ መኪናውን እየነዳሁ። «ዛሬ በዚህም ካልሆነልኝ፣ ኔልዳ፣ በቃ። ሁለተኛ ስቲል ፊት አልቀመጥም።»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው አያይም፤ ሰው የሚሆነው እሑድ ከሰዓት ሙዚቃ በምንጫወትበት አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። «ቀበቶህን እሰር» አልኩት።

አዳራሹ ሞልቷል። ከቅዳሴ መልስ የመጣው ሰው የመስኮቶቹን መዝጊያ በዱላ ደግፎ፣ ቋሊማና ባቄላ በወረቀት ሳህን ይዞ ተቀምጧል። ቬስታ ያኔክ ያንን ኮላቺ የሚባለውን በፕሪም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦዋን ጋግራ አምጥታለች። ደልበርት እንዳይበላ ዓይኔን አፈጠጥኩበት፤ እያየኝ በላ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ያመጣኸው ጊታር ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን?» አለው ሆሊስ ብራድሾ። ሆሊስም ስቲል ተጫዋች ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲሰዳደቡና ሲዋደዱ ኖረዋል።

«ሣጥን ነው። ቁመትህን ልለካ ነው ያመጣሁት» አለ ደልበርት።

እኛ ዘንድ አንድ ወግ አለ። አዲስ ስቲል ያመጣ ሰው፣ የአዳራሹ ባንድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዘገም ያለ የዋልስ ዳንስ ዜማ ይጫወታል፤ ከኋላው ባስ ጊታር ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚያ እሱ ሲጋብዛቸው ሌሎቹ ተራ በተራ ይሞክሩታል። ሳይጋበዝ የሰው ስቲል የሚነካ የለም። ባስ ተጫዋቿ እኔ ነኝ።

ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። የመጀመሪያው መስመር ጥሩ ነበር፤ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ላይ እግሩ ፔዳሉን ስቶ በሁለቱ መካከል ወረደና፣ ከዚያ ከሚያምር መሣሪያ የታመመ ጥጃ ድምፅ ወጣ። ደልበርት ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። እንደገና ረገጠ፤ አሁንም ሌላ ፔዳል ሆነ። ባሴን አዘገየሁለት፣ ጠበቅኩት። አልመጣም። መሃል ላይ መዳፉን ክሮቹ ላይ ጭኖ ድምፁን አጠፋው። ሰዉ ሁሉ ሳህኑን ማየት ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሆሊስ ከወንበሩ እየተነሣ። «ሠሪው ፔዳሉን ገልብጦ አስሮልህ ነው እኮ!»

ስቲል ተጫዋች ሁለት ወገን ነው። የሚበዙት የመጀመሪያውን ፔዳል በግራ ጫፍ ያስሩታል፤ ደልበርትና ጥቂት የድሮ ሰዎች በቀኝ። አንዱ ሌላው ስቲል ላይ ቢቀመጥ እግሩ ግራ ይገባዋል።

«ሠሪው እንደኛ አድርጎታል» አለ ሆሊስ። «ታዲያ እግርህ ከየት ያግኘው?»

ደልበርት ቀና ብሎ አየኝ። «አዎ» አለ። «ገልብጦብኛል፣ ይሄ ደንቆሮ።»

ውሸት ነበር። ከማሸጊያው ስናወጣው ፔዳሎቹን አንድ በአንድ በእጁ ተጭኖ፣ ልክ እንደ አሮጌው መታሰራቸውን ያየው እኔው ፊት ነው። ፊቱ ፈካ ብሎ ሳየው ውሸቱን እንዴት ብዬ ላፍርስበት?

እሱ ያሰበው ስቲሉን ጭኖ፣ ሠሪውን እየረገመ ወደ ቤቱ መመለስን ነው። የኛን ሰዎች ደግነት ዘነጋው።

«ይሄማ ምን ችግር አለው፣ አሁኑኑ እንመልሰዋለን» አለ ሆሊስ።

«ተዉት፣ ቤቴ አደርገዋለሁ።»

«በዚያ በማያይ ዓይንህ? ባይሆን ኮላቺህን ብላ።»

ማን ሰምቶት! ሦስት ሰዎች ስቲሉን አንሥተው የምግቡ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ደፉት። እግሮቹን ፈቱ፣ የፔዳሉን ዘንግ ነቅለው ወደ ጎን አስቀመጡ፣ በመፍቻ ከሆዱ ውስጥ ቀጫጭን ብረቶቹን እየነቀሉ ቦታ አቀያየሩ። ባንዱ ሰዉ እንዳይሰለች ያለ እኔ ፈጣን ፈጣኑን ይጫወታል። ደልበርት አጠገባቸው በካልሲው ተቀምጦ፣ ደህና የነበረ ጊታሩ ዓይኑ እያየ ሲበላሽበት «አመሰግናለሁ» ይላል። ስቲሉ ተመልሶ ሲቆም እንዲጫወት ሊያደርጉት ነው፤ ያኔ የሚያሳብበው ነገር አይኖረውም።

ሆሊስ የፔዳሉን ዘንግ ሊገጥም አነሣና መዳፉ ላይ ደም አየ።

«ማነው የተቆረጠው?»

ሦስቱም እጃቸውን አገላበጡ። የተቆረጠ የለም። ዕድሜዋን በነርስነት ያሳለፈችው ቬስታ ግን ወደ ወለሉ አየች።

«ደልበርት፣ እግርህን አንሣ።»

አላነሣም፤ እሷ ተንበርክካ አነሣችው። ግራጫው ካልሲ ከሥሩ በደም ጠቁሯል። ጎትታ ስታወልቀው ከአውራ ጣቱ በታች ቁራጭ የጊታር የብረት ክር ተሰክቶ አየነው። ጠዋት ክር ሲቀይር ቆርጦ የጣለው ነው። እሱን ተሸክሞ ቅዳሴ ቆሟል፣ እሱን ተሸክሞ ዋልሱን ሞክሯል።

«አላመመህም?» አለች ቬስታ።

«አይ።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩሽ እኮ።»

ባንዱ አቆመ። ሆሊስ መፍቻውን እንደያዘ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው።

«ከፋሲካ።»

«ፔዳሉ ተገልብጦ አልነበረማ።»

«አልነበረም።»

በስኳሩም፣ በደልበርትም፣ በነዚህ ደጋግ ሰዎችም እኩል ተናደድኩ፤ ማንን እንደምሰድብ ግን አላወቅኩም። ቬስታ ክሩን ነቅላ እግሩን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችው።

«ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት ትወስጂዋለሽ» አለችኝ በጆሮዬ። «የእግሩ መልክ አላማረኝም። እንዲህ ያለ እግር የት ድረስ እንደሚያስቆርጥ አይቻለሁ።» በጆሮዬ ትበል እንጂ ደልበርት ሰምቷታል።

ሆሊስ ስቲሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። «እመልስልሃለሁ» አለ። «አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ እንደነበረው አደርግልሃለሁ።»

«ተወው።»

«ደልበርት፣ እኔ እኮ...»

«አሁን የታሰረው እንዳንተ አይደል? እንዳለ ተወው። አቁመውና ቁጭ ብለህ ተጫወትበት።»

ሆሊስ ወደኔ ዞረ፣ እምቢ እንድልለት። እኔ ወደ ባሴ ሄድኩ።

«ምን ትጠብቃለህ፣ የጥሪ ካርድ ልላክልህ?» አለ ደልበርት።

አቆሙት። ሆሊስ እጁን ታጥቦ መጣና ተቀመጠ፤ እኔም ባሴን አንሥቼ ከኋላው ቆምኩ። ያንኑ ዋልስ ከመጀመሪያው ጀመረ። ደልበርት እግሩን በፎጣ እንደተጠቀለለ ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ እስከ መጨረሻው ሰማው። ስቲሉ ምንም እንከን አልነበረበትም።