ካርታው የነበረበት ጥግ

ራዌና የባሏን ስም የምታስታውሰው ጠዋት ኮምፒውተሯ ፊት ስትቀመጥ ብቻ ነበር። በቀረው ቀን፣ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ሰውዬ በትሕትና እያየች ታልፈዋለች። ቁርስ ከበላች በኋላ ግን ወንበሯን ስባ ትቀመጣለች። ቀኝ እጇ ማንም ሳያዘው ማውሱን ወደ ስክሪኑ ታች፣ ወደ ግራ ጥግ ይወስደዋል። አንዴ ትጫናለች፣ ትንሽ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ካርታው ይደረደራል። ቀይዋን ንግሥት ጥቁሩ ንጉሥ ላይ ስታሳርፍ ፊቷ ይፈታል። ሲቀናት ዞር ትልና፣ «አየህ ክላይቭ፣ አንተ በዕድሜህ አንድ ቀን አሸንፈህ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

ክላይቭ ከአልጋው የሚነሳው ይህችን ለመስማት ነበር።

ኮምፒውተሩ ግን አረጀ። ካርታው ጨዋታው መሀል ቀጥ ይላል፤ ራዌና ማውሱን ከጠረጴዛው ጋር ታጋጫለች፣ አንዳንዴም ታለቅሳለች። ክላይቭ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ በርኒ ከተማ ባለው የስካውቶች አዳራሽ ከሚሰበሰቡት የሊኑክስ ሰዎች አንዱ ነው። የከተማው ሰው አሮጌ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ይመጣል፣ እነሱ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ይጭኑለታል፣ ሻይ አጠጥተው ይሸኙታል። የስንቱን ሰው ዕቃ እያደሰ የገዛ ሚስቱ ኮምፒውተር ሲያቃስት መስማት ያሳፍረው ጀመር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ፣ በገንዘብ የሚገዛውን የድሮ ሲስተም እንደተሸከመ፣ ይዞት ሄደ።

«እኛን እየሰበክህ ቤትህ ጣዖት ደብቀህ ኖሯል?» አለው ዳሪል፣ የቆየ ጓደኛው።

«የራዌና ነው። አፍህን ዝጋና ገመዱን አቀብለኝ።»

«የድሮውን ከጎኑ እንተውላት? ቦታው ይበቃል።»

በዙሪያቸው የነበሩት ቀና አሉ። ክላይቭ ለመጣው ሁሉ፣ ግማሽ ግማሽ አይሆንም፣ ከለቀቃችሁ ልቀቁ ሲል የኖረ ሰው ነው።

«ሁሉም ይጠረግ» አለ። ቁልፉንም የተጫነው ራሱ ነው። አንድ ሁለቱ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ፈጠነ። ክላይቭ የካርታ ጨዋታውን ስክሪኑ መሀል፣ በትልቁ አስቀምጦላታል፤ እንዳትቸገር። ራዌና ተቀመጠች። እጇ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ጥግ ሄደ። እዚያ ምንም የለም። መለሰችውና እንደገና ሄደች። እንደገና።

«እዚህ ጋ ነው፣ የኔ ፍቅር» ብሎ በጣቱ ነካላት።

ጣቱን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች። «እርስዎ ጠጋኙ ነዎት?»

«አዎ» አላት ክላይቭ።

«ታዲያ ምኑን ጠገኑት?»

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠዋቶች ሞከረች፤ ቀጥሎ ወንበሩን መሳብ ተወች። ክላይቭ ለዳሪል ደውሎ የድሮውን ሲስተም መመለስ እንዳለባቸው ነገረው። ዳሪል ያላንኳኳው በር አልነበረም። የድሮውን ሲስተም ዲስክ ዴቨንፖርት ከተማ በሚኖረው ወንድሙ ጋራዥ ውስጥ፣ የቀለም ቆርቆሮ ሥር አግኝቶ ሲመጣ ግን ወሩ እያለቀ ነበር። በዚህም መሀል ራዌና የኮምፒውተሩን ክፍል ዞር ብላ ማየትም ትታ ነበር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰዓቱን ሙሉ ሠሩ። የካርታዎቹ ጀርባ ሥዕል ሳይቀር ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ይኸው፣ ቅንጣት አልጎደለም» አለ ዳሪል። «ጥራትና እንደ ድሮው ትሳቅብህ፣ እኔንም ጨምራ።»

ክላይቭ ክንዷን ይዞ አመጣትና አስቀመጣት። እጇን ማውሱ ላይ አኖረላት። እጇ እዚያው ቀረ፤ የሰው ዕቃ አደራ የተቀበለ ይመስል ጠበቅ አድርጎ ያዘው እንጂ አልተንቀሳቀሰም። መስኮቱን ታያለች። ባሕሩ ላይ ዝናብ እየመጣ ነበር።

ጠበቁ። 

በመጨረሻ ክላይቭ እጁን እጇ ላይ ጫነና ቀስ አድርጎ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ሳበው። ራዌና እጇን መንጭቃ ጉያዋ ውስጥ ከተተች። አልተቆጣችም። ሰው እንዳታሳፍር የምትጠነቀቅ ሴት ነበረች፣ ዛሬም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው፣ «ባል አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ክላይቭ፤ ወንበሩንም ከእሷ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ።