ዶሮ፣ አካፋ፣ ሐብሐብ

ልጆቼን ቤት ውስጥ ማስተማር ካቆምኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። እርግዝናው፣ አራስነቱ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ከሲዋርድ ሰፈር ወደ ኒው ሆፕ ከተማ ዕቃ ማጓጓዙ፤ በዚህ መሀል ግራመር ማን ትዝ ይለዋል? ዘንድሮ ስንጀምር ትልቋን ልጄን መርዋን ከነበረችበት ከአምስተኛው ደረጃ የግራመር መጽሐፍ ላስቀጥላት አልኩ፤ መቼም እልኸኛ ነኝ። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ እርሳሱን ወረወረችና “እኔ ደደብ ነኝ” ብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ስለ ራሷ እንዲህ ስትል ሰምቼ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ለእሷም ለወንድሟም የደረጃ መለያ ፈተና ሰጠኋቸው። የመርዋ ውጤት ሦስተኛ ደረጃ ሆነ። ታናሿ ዙሀይር፣ ያ ስምንት ዓመት እንኳ ያልሞላው ቀበጥ፣ እሱም ሦስተኛ። ያ ረቢ! ከወንድሟ እኩል መሆኗን ካወቀች ግራመር የሚባል ነገር ዳግመኛ በእጇ አትነካም።

ታዲያ እኛ ደሴ ስንማር መስከረም ሲጠባ ደብተራችንን በጋዜጣ እንሸፍን አልነበር? ትዝ ሲለኝ ብድግ አልኩ። ጋዜጣ ባይኖር የፖስታ ሳጥናችን በገበያ ማስታወቂያ ታጭቋል። የመርዋን መጽሐፍ በዶሮ ቅናሽ፣ የዙሀይርን በበረዶ መዛቂያ አካፋ ማስታወቂያ ሸፈንኩት፤ የደረጃው ቁጥር ድራሹ ጠፋ። አንድ ዓይነት መጽሐፍ መሆኑ እንዳይነቃብኝ ደግሞ እሷን ኩሽና፣ እሱን ሳሎን አስቀምጬ ሕፃኑን እንዳዘልኩ በመሀላቸው እሮጥ ጀመር። ላየኝ ሰው ያበድኩ ነው የምመስለው። መርዋ ግን ወላሂ እያንጎራጎረች ትሠራለች። በገዛ ብልጠቴ ሰክሬ ከረምኩ።

አንድ እሁድ የባለቤቴ እህት ሀሲባ ከጎረቤት ከተማ ከኩን ራፒድስ መጣች። ሀሲባ ደግ ናት፤ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ “ስንተኛ ደረጃ ደረሳችሁ?” ካላለች ሰላምታ የሰጠች አይመስላትም። እኔንም አትምረኝም። እንግሊዝኛ መማር ጀምሬያለሁ፤ መጽሐፌ ፊቱ ላይ ይህን የሚያህል የ“2” ቁጥር አለበት። እሷ በመጣች ቁጥር ሶፋ ሥር ነው የምወረውረው።

በሩ ሲንኳኳ ልደብቀው ብዞር የለም። ጠረጴዛው ላይ ዶሮና አካፋ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው በሐብሐብ ማስታወቂያ የተሸፈነ ሌላ መጽሐፍ። ብገልጠው የእኔው ነው።

መርዋን አየኋት።

“ቁጥሩን እንዳታይብሽ ብዬ ነው” አለች በሹክሹክታ። “አንቺም ለእኔ ሸፍነሽልኝ የለ?”

እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኋት። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፤ ዙሀይር ሳሎን ሆኖ ጮክ ብሎ ሲያነብ እሷ ኩሽና ውስጥ ከራሷ መጽሐፍ ትከተለው ኖሯል። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ “ስትሮጪ ሳይ ደስ ይለኛል፤ መጽሐፉም ልኬ ነው” አለችኝ።

ሀሲባ ገባች። አንድ ጫማዋን እንዳወለቀች ያችኑ የደረጃ ጥያቄዋን ጠየቀች።

መርዋ ዶሮውን ከመጽሐፉ ላይ ገፈፈችው። “ሦስተኛ” አለች። “ከዙሀይር ጋር።”

እኔም ሐብሐቡን ቀደድኩት። “እኔ ገና ሁለተኛ ነኝ” አልኩ፤ ከዚያ ሳቃችን አላስቆም ብሎን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ሀሲባ አንድ ጫማዋን እንደያዘች ታየናለች።