ነፋሱ ሳይቀድም

«እኔ ምን አገባኝ» አለች ዙሌይካ፣ በጣም እንደሚያገባት ሁሉ የበሩን መቃን ተደግፋ። «ብቻ ጎረቤት ነኝና ስሙን እንኳ ባውቀው ብዬ ነው።»

«የማንን ስም?» አለች ሸዋረጋ።

«የሰውየውን ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣውን። ግድግዳችን እንደሆነ ወረቀት ነው። እሱ ያወራል፣ ያወራል፤ አንቺ ጭጭ። አሜሪካዊ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ሰው አንዴ እንኳ ሳይስቅ ያን ያህል ያወራል? ደግሞስ አምሐ ባሕር ላይ እያለ…»

ሸዋረጋ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ የዙሌይካን እጅ ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተቻትና ፍሪጁ ላይ የተቀመጠውን፣ አንቴናው በፕላስተር የታሰረ ሬዲዮ ከፍታ አሳየቻት።

«ያውልሽ ሰውየው። ተዋወቂው።»

ሬዲዮውን ትቶላት የሄደው አምሐ ነው። አምሐ ድሮ ምፅዋ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ አሁን ከኦክላንድ ወደብ ወደ ሃዋይና ወደ ጉዋም ዕቃ በሚያመላልስ መርከብ ላይ ይሠራል። ሰውየው በሬዲዮ የሚያነበው የባሕሩን አየር ነው፤ ነፋሱ ከየት፣ ሞገዱ ስንት ጫማ። ሸዋረጋ ከሚለው ግማሹን አትይዝም። ቢሆንም ያ ድምፅ አምሐ ያለበት ድረስ እንደሚሰማ ታውቃለች። ሁለቱ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ የሚሰሙት በዚያች ሰዓት ብቻ ነውና፣ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማ ታዳምጠዋለች።

ዙሌይካ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ስለምትሠራ እንግሊዝኛው ይገባታል። ስትስቅ ቆይታ ድንገት እጇን አነሳች።

«ቆይ ቆይ። ማስጠንቀቂያ ይላል። ለጉዋምና በዙሪያዋ ላለው ባሕር። ከባድ አውሎ ነፋስ ይጠበቃል፤ ትንንሽ ጀልባዎች ከወደብ እንዳይወጡ።» ትንሽ አዳመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአምሐ መርከብ የት ደርሳለች?»

«ጉዋም ልትገባ ነው።»

ዙሌይካ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገች። ይህ ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ሸዋረጋን አስፈራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምሐ ሊሄድ ሲል፣ ወደቡ በር ላይ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ «ስመለስ ብንጋባስ?» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ፣ ለማንም መልስ የማታጣዋ ሴት፣ «እስቲ እናያለን» አለችው። በልቧ እሺ ብላለች። ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያልቸኮለች ሰው በአንድ ደቂቃ እሺ ማለቱ ከበዳት፤ እስኪመለስ ትንሽ ይናፍቅ ብላ ነው። አምሐ ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት ሲያይ የሚቆም፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ሰው ነው። የምትጨምረው ነገር ካለ ብሎ ከመርከቧ እስኪጠሩት ድረስ ቆሞ ጠበቃት። አልጨመረችም።

ናፍቆቱ የተረፈው ለእሷ ነው። ከሥራ ስትመለስ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ ዳር ውሃው በነፋስ ትንሽ ሸብሸብ ሲል ልቧ አብሮ ይሸበሸባል። ዳክዬዎቹ እንኳ ግድ ያልሰጣቸውን ሞገድ ትፈራለች።

«የተወልሽ ቁጥር አልነበረም?» አለች ዙሌይካ።

ነበረ። ሬዲዮው ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት፤ ስልክን ከመርከብ ሬዲዮ ጋር የሚያገናኝ ኦፕሬተር። ከሥሩ በትልልቁ «ለችግር ጊዜ ብቻ» ይላል።

«ይኼ ችግር ነው?»

«ካልሆነ እንግዲህ መርከቧ እስክትሰምጥ ጠብቂ» አለችና ዙሌይካ ራሷ ደወለች።

ማስጠንቀቂያውን የሰማው ቤተሰብ ሁሉ ስለደወለ ወረፋው ረጅም ነበር። ሸዋረጋ ሺፍቷ አመለጣት። በመጨረሻ ኦፕሬተሯ መጣችና ሥርዓቱን ተናገረች፤ ዙሌይካም ተረጎመች። «ሦስት ደቂቃ ነው ያለሽ። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይሰማል። ስትጨርሺ ኦቨር በይ፤ ከዚያ በኋላ ነው እሱ የሚናገረው። ደግሞ መርከቦቹ ሁሉ ይሰሙሻል።»

«ባሕር ላይ አማርኛ ማን ያውቃል?» አለች ሸዋረጋ ስልኩን እየተቀበለች።

መስመሩ እንደ ትኩስ ዘይት ይንጣጣል። ከውስጡ የአምሐ ድምፅ መጣ።

«አምሐ? እንደምን ሰነበትክ? ኦቨር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ? ኦቨር።»

«ደህና። ጤናህስ? ኦቨር።»

«በጣም ደህና። ሥራ እንዴት ነው? ዙሌይካስ ደህና ናት? ኦቨር።»

«ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት። እንቅልፍስ ትተኛለህ? ምግቡስ? ጓደኞችህስ ሁሉም ደህና ናቸው? ኦቨር።»

ሁሉም ደህና ነበሩ። አንድ በአንድ ደህና ነበሩ። ኦፕሬተሯ ጣልቃ ገብታ አንድ ደቂቃ ቀራችሁ ስትል ዙሌይካ የሸዋረጋን ክንድ ቆነጠጠች።

«አምሐ» አለች ሸዋረጋ ዓይኗን ጨፍና። «ያን ቀን እስቲ ያልኩህ ውሸቴን ነው። እሺ ነው። ያን ጊዜም እሺ ነበር። ነፋሱ ሳይቀድመኝ ልንገርህ ብዬ ነው። ስትመለስ ያው በር ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ።»

መስመሩ ተንጣጣ። አምሐ መልስ አልሰጠም። ሸዋረጋ ዙሌይካን አየች፣ ዙሌይካ ሬዲዮውን አየች። ደቂቃው እየሄደ ነው። አልሰማም ይሆን? ሰምቶ ሐሳቡን ለውጦ ይሆን? ሁለቱን በሦስት ሰከንድ ውስጥ አምስት አምስት ጊዜ አሰበቻቸው።

ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። የአምሐ አይደለም፤ ረጋ ያለ፣ የሸመገለ ሰው አማርኛ ነው።

«እመቤት፣ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓባይነህ እባላለሁ፣ ሌላ መርከብ ላይ ነኝ። አምሐን ከምፅዋ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሥርዓት አይጥስም። ኦቨር አላሉም። እሱም እየጠበቀ ነው፤ እኛም።»