የማዶው ሙላት

የወደባችንን የውኃ ልክ ያጸኑት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቅድመ አያቴ ድንጋይ ጠራቢው፣ አያቴ መርከብ መሪው፣ አባቴ ውኃ ለኪው። ቅድመ አያቴ በወደቡ ምሰሶ ላይ ጭረቶቹን ፈለፈሉ፤ አያቴ የሙላቱን ሰዓት ቀመሩ፤ አባቴም ባሕሩ የደረሰበትን ሳይመዘግቡ ቁርስ ቀምሰው አያውቁም። መዝገቡ ዛሬ በእኔ እጅ ነው፤ ቁርሴም እንደዚያው።

ጨረቃ ሙሉ ሆና ባደረች ማግሥት፣ ማለዳ ወደ ዳርቻው ወረድሁ። ባሕሩ ሸሽቷል። የእህቴ ልጅ፣ መካኒኩ፣ የእናቱን ጀልባ ሞተር አውርዶ፣ አሸዋው ላይ ሸራ አንጥፎ፣ ብሎን በብሎን ፈታትቶታል። እህቴ ሰው እያሻገረች የምትኖረው በዚያች ጀልባ ነው፤ ሌላ ሞተር የላትም።

“ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው ሰባተኛው ጭረት ይደርሳል፤ ይህ አሸዋ ይሰጥማል። ሞተሩን አንሣው” አልሁት።

“ኧረ ጋሼ! ውኃውን የምትስበው ጨረቃ አይደለችም እንዴ?”

“ናት።”

“እሷማ ጠለቀች እኮ! ቀትር ላይ ከእግራችን በታች ናት። ታዲያ ማን ሊስበው ነው? ቁርሱን ያልበላ ሰው የጻፈው መዝገብ?”

“ግማሹን ተምረህ ግማሹን ትተኸዋል። ጨረቃ የቅርቧን ውኃ አጥብቃ ትስባለች፤ ምድርን ከዚያ ላላ አድርጋ፤ ከምድር ማዶ ያለውን ውኃ ደግሞ ከሁሉ አላልታ። ምድር ወደ እሷ ስትሳብ የማዶው ውኃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀርቶም ያብጣል። ባሕር በቀን ሁለቴ የሚሞላው ስለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ፀሐይም በአንድ መስመር ቆማ ታግዛታለች።”

“እሺ፣ ይሞላላ!” ብሎ መፍቻውን አነሣ።

መለመን የእኛ ወግ አይደለም። ጋሪ አመጣሁና ከባዱን ብረት በሁለት እጄ ያዝሁ።

“ተዉ ጋሼ፣ ወገብዎ! በቃ፣ ይሁን። ለሽበትዎ ስል እንጂ ለመዝገቡ አይደለም።”

ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ጭነን መጋዘን አስገባነው። የመፍቻ ሣጥኑን ግን እዚያው ሸራው ላይ ተወው። “ይህ የእኔ ነው” አለ። “ምስክር ይሁነን።”

አራት ሰዓት ላይ ውኃው የሸራውን ጠርዝ ላሰ። አምስት ተኩል ላይ ሣጥኑ ከዓይን ጠፋ። በስድስት ሰዓት ተኩል ሰባተኛው ጭረት ረጠበ፤ መዘገብሁ።

ልጁ እስከ ደረቱ ገብቶ፣ በእግሩ እየዳሰሰ ሣጥኑን አወጣ። ከሁሉም ማዕዘን ውኃ ይንጠባጠባል። ምሰሶውን አየ፣ የመጋዘኑን በር አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

“ጋሼ፣ የእናቴን ሞተር ላሰጥመው ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።”