ለማንም እንዳትናገሪ

መዝገብ ያዧ ተዛውራ ወደዚህ ከተማ ከመጣች ሦስት ወር ሆኗታል፤ ሦስቱንም ወር በሩን ሁለቴ ቆልፋ፣ ወንበር አስደግፋ ነው ያደረችው። ባደገችበት ትንሽ ከተማ በር የሚዘጋው ዶሮ እንዳይገባ ነበር። እዚህ ግን ሰዉ ፊትሽን ለይቶ ያውቃል፣ ማን እንደሆንሽ ግን አያውቅም። ከተማው በጣም ትልቅ ቢሆን ተደብቃ ትኖር ነበር፤ ትንሽ ቢሆን ሁሉን ታውቅ ነበር። መካከለኛ መሆኑ ነው ያስጨነቃት። ጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ ሦስት አራት ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላታል። «ይሄ ደሞ ከየት አወቀኝ?» ትልና ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ትወሽቃለች።

ፍርሃቷን የሚቀልብላት አላጣችም። በመሥሪያ ቤቱ ከአጠገቧ «ሬዲዮ» የሚሏት ጸሐፊ ትቀመጣለች፤ ባትሪ የማይጨርስ አፍ።

«ሰማሽ? አንዷን ‹የአክስትሽ ልጅ ነኝ› ብሎ ገብቶ ቤቷን ጠራርጎት ሄደ። ሰማሽ? ሌላዋን ደግሞ ውኃ አጠጥተው…»

መዝገብ ያዧ ፋይል እየደረደረች ትሰማለች፤ ማታ የሰማችውን ሁሉ ለእናቷ ታራግፍባታለች።

እናቷ ከመጣች ገና ወሯ ነው። መርሳት ጀማምሯታል። ሁለት ጊዜ ልጇን በሟች እህቷ ስም ጠርታታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁለቱም እንዳልሰማ ሰው ሆነው አለፉት። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን የምትውል እናት ናት። ስለዚህ ልጅ ሆዬ ሕግ አወጣች፤ እንደ ተማሪ አስጠናቻት።

«የት ነው የሚኖሩት ቢሉሽ?»

«ምን አገባችሁ እላለሁ።»

«ከማን ጋር ቢሉሽ?»

«ምን አገባችሁ።»

«ዘመድሽ ነኝ፣ ልውሰድሽ የሚል ቢመጣ?»

«አላውቀውም እላለሁ። ፈተናው መቼ ነው፣ የኔ አስተማሪ?»

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም!»

«ማን ቀለደ? በዚህ ዕድሜዬ ክፍል እንዳልደግም ነው እንጂ።»

ዛሬ ለምሳ ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃት።

«እማዬ?»

መኝታ ቤት የለችም። መታጠቢያ ቤት የለችም። ጠዋት ታጥቦ ባልዲ ውስጥ የነበረው አንሶላም የለም፤ ባልዲው ባዶውን ቁጭ ብሏል። ወደ በረንዳው መሄድ ፈራች። እግሯን እየጎተተች ሄዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ብረቱን ያዘች፤ ከዚያ ገልጣ ቁልቁል አየች። ታች ግቢው ውስጥ አንሶላው ተንጋዶ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሌላ ነገር የለም። ትንፋሿ መለስ አለ፤ ግን እናትየዋ የት ሄደች?

ሦስቱን ፎቅ እየዘለለች ወረደች። የብሎኩ ጥበቃ ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል።

«አባባ፣ እናቴን አይተዋታል?»

«የትኛዋ ናቸው እናትሽ?»

«ቀጭን፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች…»

«አንዲት እማማ አንሶላ ሲያሰጡ አይቻለሁ። ‹ስንተኛ ፎቅ ነዎት? ላግዝዎት› ብላቸው ‹ምን አገባህ› ብለው ልክ ልኬን ነገሩኝ። ያንቺ ናቸው እንዴ? እኔ አንቺን ብቻዋን ነው የምትኖረው ብዬ።»

ፊቷ ጋለ። ወደ ግቢው በር ስትሮጥ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴት ጠራቻት።

«አንቺ እህት! አሮጊት ነው የምትፈልጊው? ስምንት ብሎክ አንዷ የሰው በር በቁልፍ ስትከፍት ተይዛለች አሉ።»

ተይዛለች። ሰዎች የያዙትን ሌባ ምን እንደሚያደርጉት ሬዲዮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተርካላታለች።

ስምንት ብሎክ እነሱ ከሚኖሩበት ከሰባት ብሎክ ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙ፣ ደረጃው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር። እናቷ አንሶላውን አስጥታ ስትመለስ በዚህኛው ደረጃ ወጥታለች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። ክፍት ትታው የወረደችው በር ተዘግቶ ስታገኘው ቁልፏን አወጣች። በሩ ግን የአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። እናቷ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቁልፉን በጡጫዋ ጨብጣ፣ አጠገቧ ያኖሩላትን ውኃ ሳትነካ።

«እማዬ!»

ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ልብስ ሰፊ መሃላቸው ገባ።

«ቆይ እስቲ እህቴ፣ ማን ነሽ?»

«ልጇ ነኛ!»

«እማማ፣ ልጅዎ ናት?»

እናቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ቀስ ብላ፣ እንደማታውቀው ዕቃ።

«አላውቃትም።»

ሕጉን እየጠበቀች ነው? ወይስ የምር? መዝገብ ያዧ የእናቷን ዓይን ፈተሸች፤ አንድም የምታውቀው ነገር አጣችበት።

«ልጅ ነኝ ብሎ አታሎ መውሰድ በዝቷል» አለች አንዷ ከኋላ። «ሰሞኑን አልሰማችሁም?»

እሷን ነው! የሬዲዮ ሌባ እሷ ራሷ ሆና አረፈችው።

«መታወቂያ አለሽ?» አለ ልብስ ሰፊው። አወጣች፤ አድራሻው የድሮው ከተማ ነው። «እዚህ የሚያውቅሽ ሰውስ?»

ሦስት ወር ሙሉ ማንም እንዳያውቃት ስትደክም ከርማ፣ አሁን ማንን ትጥራ? ከዚያ አፏ ራሱ ተከፈተ።

«ሰባት ብሎክ ነው ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር! ሁለታችን ብቻ ነን፣ ወንድ የለም። እኔ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሥራ ላይ ነኝ፤ እሷ ብቻዋን ናት የምትውለው! ቁልፉን ውሰዱና ሞክሩት፣ ይከፍታል!»

እናቷ ከወንበሩ ብድግ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? የቤታችንን ጉድ ለሰው ሁሉ ትዘከዝኪያለሽ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «በሉ ልጃቸው ናት፣ እንዲህ የሚቆጣ እናት ብቻ ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ መንገድ እየለቀቀ። መዝገብ ያዧ እየሳቀችም እያለቀሰችም እናቷን ደግፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ እናቷ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች።

«አንቺም እንደ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና እንደ እህቴ፣ አፍሽ አያርፍም። ቆይ ብቻ፣ ልጄ ከሥራ ትምጣ፣ እነግርልሻለሁ።»

ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ቆመች። እናቷ ክንዷን በፍቅር ይዛታለች፤ የያዘችው ግን የእህቷን ልጅ ነው።

ዘወር አለች። የልብስ ሰፊው ሚስት ካውያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«እህቴ፣ ቤት ነው የምትውይው?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ?»

«ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ብቅ ብለሽ እናቴን ብታዪልኝ።» ከቦርሳዋ ትርፉን ቁልፍ አወጣች።

«እንዴ! እኔን በምን አውቀሽ ነው?»

«አላውቅሽም» አለች መዝገብ ያዧ።

እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ ካውያውን አስቀምጣ ቁልፉን ያዘች፤ የመዝገብ ያዧ ጣቶች ግን አልተላቀቁም። ሴትየዋ አንዴ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ ሳበችው።